የተጣሉ ፎቶዎች አስታራቂ ኮሚቴ

የባህልና ኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤቱ ለሥዕል ዕድገት የዋለው ውለታ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ነው። የወርቅ ቀለም ግዢው ገና በሂደት ላይ ስለሆነ ለጊዜው በዚህ ተራ ቀለም ይጻፋል። መሥሪያ ቤቱ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ አርባ አንድ ፎቶግራፎችን ያለ አንዳች ደም መፋሰስ አስታርቋል። ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ ማስታረቅ እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፎቶግራፎቹም ቢሆኑ አያውቁም ነበር።

የዚህ ታላቅ ተግባር መነሻ አንዲት ሠዓሊ ናት። እንጀራዋ የሱቅ ማስታወቂያ መሣል ነው፤ ለጫማ ሻጩ ጫማ፣ ለሰዓት ሠሪው ሰዓት ትሥላለች። አንዴ ለጥርስ ሐኪሙ ጥርስ ስትሥል በዙሪያው የሚስቅ አፍ ብትጨምርበት፣ «የእኔ በሽተኞች አይስቁም» ብሎ አፉን አስጠፍቷታል። ይህ ነገር ሲከነክናት ኖሮ እንደ ልቧ የምትሥልበት ነገር ትፈልግ ነበር። ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው አጎቷ ቤት፣ ካርቶን ውስጥ ነው።

አጎቷ ፎቶ አንሺ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ቤት፣ ከአንድ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ሰው እያስቀመጠ «ቀና በል፤ አገጭህን ዝቅ፤ አሁን እንዳትነቃነቅ» ሲል ኖሯል። ሰው ደግሞ ሰው ነውና ይነቃነቃል። መብራቱ ቦግ ሲል ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያስነጥሳል፣ የተረከዙን ማሳከክ የሚያስታውሰው ያኔ ነው። እንዲህ ተበላሽቶ የወጣውን ፎቶ አጎቷ ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ሌላ ያነሳለትና የተበላሸውን በጨለማ ክፍሉ ውስጥ፣ ከማድረቂያው ገመድ ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ ይጥለዋል።

የእህቱ ልጅ እነዚህን እያነሳች ትቀባባቸው ጀመር። ጭንቅላቱ ተቆርጦ የቀረ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ በአንገቱ ላይ ጉልላት ያለው የሻይ ማንቆርቆሪያ አስቀመጠችለትና ከበፊቱ የበለጠ ቁም ነገረኛ መሰለ። ሲነቃነቅ አራት እጅ ሆኖ ለወጣ የቤተሰብ አባወራ ለእያንዳንዱ እጅ ሥራ ሰጠችው፤ አንዱ ጃንጥላ ይዟል፣ አንዱ ጋዜጣ ያገላብጣል፣ አንዱ ጆሮውን ያክካል፣ አራተኛው ሚስቱን ይኮረኩራል። አጎቷ መጀመሪያ ያየ ቀን ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠጋና፣ «እዚህ ጋ ብርሃኑ አንሷታል፣ አምጪ ላጉላት» አለ። ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለቱ ሆነ። እሱ አጉልቶ ያትማል፣ እሷ ትሥላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚስቁትን ሳቅ ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ይሰማዋል። የፎቶዎቹ ባለቤቶችም ተጠይቀው፣ ራሳቸውን እያዩ በሳቅ ፈርሰው ፈቀዱ። እንዲያውም አጎቷ ኋላ ኋላ ምንም እንከን የሌለበትን ፎቶ ሁሉ «ይቺ አላማረችኝም» እያለ ካርቶን ውስጥ ይጥል እንደነበር ይታማል።

በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ሥራ ተጠናቀቀ። ሠዓሊዋ የጫማና የጥርስ ሠዓሊ ብቻ አለመሆኗን፣ አጎቷም የመታወቂያ ፎቶ አንሺ ብቻ አለመሆኑን ሰው እንዲያይላት ፈለገች። ለሥራው የሚበቃ ግድግዳ ያለው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብላ ማመልከቻ ጻፈች፤ «በተጣሉ ፎቶዎች ላይ ከአጎቴ ጋር በጋራ የሠራነውን አርባ አንድ ሥራ በአዳራሹ ለዐሥር ቀን ለሕዝብ ለማሳየት እንዲፈቀድልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ክቡር ኃላፊው ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ኃላፊው የሚያነቡትን ሁሉ ጠበቅ አድርገው የሚያነቡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ጸሐፊያቸውን ጠሩ።

«አርባ አንድ ፎቶ ተጣልቷል» አሏት።

«ምን ሆኖ፣ ጌታዬ?»

«ተጣልቷል ነው የምልሽ! ይኸው፤ የተጣሉ ፎቶዎች። አጎትየውም የእህቱም ልጅ አሉበት። የተጣላ ነገር ደግሞ ግድግዳዬ ላይ ዐሥር ቀን ይሰቀልልኝ ትላለች። ቢደባደቡስ?»

«ጌታዬ፣ ምናልባት ላልቶ የሚነበብ ይሆን? መጣል… ማለቴ፣ ወርውሮ…»

«መወራወርም ደረሱ? በይ ልጅቷን ጥሪልኝ።»

ሠዓሊዋ በማግስቱ የሠርግ ጫማዋን ተጫምታ መጣች፤ ፈቃዱ የወጣላት መስሏት ነበር። ኃላፊው ወንበር ሰጧት፤ የሐዘንተኛ ድምፅ አወጡ።

«አይዞሽ» አሏት። «በቤተሰብ መካከል ይፈጠራል።»

«ምኑ?»

«ጠቡ ነዋ።»

ሠዓሊዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማመልከቻዋን ዘንበል ብላ አየችው፤ «የተጣሉ» የሚለው ቃል ተሰምሮበታል፤ ነገሩ ያኔ ገባት። ሳቋ መጣ፤ መሥሪያ ቤት መሆኑን አስታውሳ ዋጠችው። «ጌታዬ፣ የተጣሉ ማለቴ እኮ ተበላሽተው የተጣሉ፣ የተወረወሩ ለማለት ነው። ‹ሉ›ው አይጠብቅም፤ ላልቶ ነው የሚነበበው።»

ኃላፊው ቀና ብለው ተቀመጡ። «ስሚ ልጄ፤ ይህ መሥሪያ ቤት በጠብ ጉዳይ ላላ ያለ አቋም ኖሮት አያውቅም። ጠበቅ አድርገን ነው የምንይዘው።»

ወዲያውም ጠበቅ አድርገው ያዙት። ከሰዓት በፊት አምስት አባላት ያሉት የተጣሉ ፎቶዎች አስታራቂ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ፣ አሁን ግን ሰው እምቢ ያላቸው ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። ከአባላቱ አንዱ የውሃ ክፍል ተወካይ ነበር። የውሃ ክፍል ምን አገባው የሚል ካለ፣ ኮሚቴ ተቋቁሞ የውሃ ክፍል ያልተወከለበት ጊዜ እንደሌለ ይወቅ። ሁለቱ አባላት እጅ ለማውጣት የተመረጡ ናቸው። አምስተኛው ክቡር ኃላፊው ራሳቸው ነበሩ፤ ኮሚቴውን ያቋቋሙት እሳቸው ስለሆኑ ራሳቸውን መተው ከበዳቸው። ለኤግዚቢሽኑ ፈቃድም አንድ ቅድመ ሁኔታ ተቀመጠ፤ ፎቶዎቹ ይታረቃሉ፣ አጎትና የእህት ልጅም መታረቃቸውን በፊርማ ያረጋግጣሉ።

አርባ አንዱ ሥራ በረጅሙ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። ኮሚቴው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞራቸው። የመጀመሪያውን ግኝት ያገኘው የውሃ ክፍል ተወካዩ ነው።

«ይቺን እዩዋት» አለ፣ ዓይኗን ጨፍና ወደወጣች ሙሽራ እያመለከተ። «ምን አድርጋለች?»

«ዓይኗን ጨፍናለች» አሉ ዳኛው።

«ለምን ጨፈነች? ላለማየት! ኩርፊያ ነው ይሄ። ቤቴ ያለችውን ስለማውቃት አይጠፋኝም።»

ዳኛው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ የኮሚቴው ዓይን ተገለጠ። ፊቱ ደብዝዞ የወጣው ሲሸሽ እንደሆነ ታወቀ። ማንቆርቆሪያ ጭንቅላት የያዘው ወፍራም ሰውዬ በንዴት መፍላቱን ሁሉም በአንድ ድምፅ መሰከሩ። አራት እጅ ያለው አባወራ ጋ ሲደርሱ ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ይሄ ለይቶለታል» አሉ። «ለብቻው ይቀመጥ።»

በረጅም ውይይት አንድ መፍትሔ ተገኘ። ፎቶዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ፊት ለፊት ተደርገው በቁም ሣጥን ውስጥ ለሦስት ቀን ይቆለፍባቸው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ቁም ሣጥኑ ሲከፈት አንድም የተቀደደ፣ አንድም የተጫጫረ አልተገኘም። «በመካከላቸው ሙሉ በሙሉ ሰላም ሰፍኗል» የሚል ሪፖርት ተጽፎ በዚያው ዕለት ለበላይ መሥሪያ ቤት ተላከ።

የቀሩት ሰዎቹ ነበሩ። ሠዓሊዋ አጎቷን፣ «ጋሼ፣ እንደ ቀልድ ቆጥረን ፈርመን እንገላገል» አለችው። አጎቷ ግን ፊርማው ላይ ቀልድ አያውቅም። «ሳልጣላ ታረቅሁ ብዬ አልፈርምም» አለ። ዳኛውም የሰውየውን ግትርነት ባዩ ጊዜ ነገሩ ሥር የሰደደ መሆኑን ተረዱና ሁለቱን ለየብቻ ጠርተው ለመመርመር ወሰኑ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ታዘዘች፤ ዳኛው ቃል በቃል ያጽፏታል።

«ፎቶዎቹ በምን ምክንያት ተጣሉ?» ሲሉ ጀመሩ ዳኛው።

«ተበላሽተው ነዋ» አለ ፎቶ አንሺው።

«የእህትዎ ልጅ መቼ ገባች?»

«ከተጣሉ በኋላ ነው የገባችበት።»

«ገብታ ምን አደረገች?»

«ቀባባቻቸው።»

ዳኛው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ጻፊ፤ ከተጣሉ በኋላ የእህት ልጅ ጣልቃ ገብታ ነገሩን ቀባብታዋለች።»

ሠዓሊዋም በተራዋ ገባች።

«አንቺ ባትደርሺላቸው ኖሮ የአጎትሽ ፎቶዎች ዕጣቸው ምን ነበር?»

«ቆሻሻ ውስጥ ነበራ የሚገቡት።»

«ጻፊ፤ የአጎቷ ፎቶዎች ቦታቸው ቆሻሻ ውስጥ መሆኑን ሳትሸሽግ አስረድታለች።»

ዳኛው ለግልጽነት ባላቸው ጽኑ ፍቅር የአንዱን ቃል ለሌላው አነበቡለት።

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሠዓሊዋ ወደ ፎቶ ቤቱ ስትገባ አጎቷ ሰማያዊውን መጋረጃ ያራግፍ ነበር። አልዞረም።

«ቆሻሻ?» አላት።

«ቀባብታዋለች?» አለችው።

«ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ቆሻሻ ነው?»

«እኔስ ሁለት ዓመት የደከምኩት መቀባባት ነው?»

«እንዲያ ከሆነ ሌላ ቆሻሻ ፈልገው ይቀቡ!»

«ይቀቡ» አላት። አንቺ የሚለው ቀረና እርስዎ ሆነች። እልህ ያዛትና እሷም «እሺ፣ እንደ ፈቃድዎ» ብላው ወጣች። እንደዚያ ብላው አታውቅም ነበር። ቤቷ ገብታ ጀምራ የተወችው የፀጉር ቆራጭ ማስታወቂያ ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያስለቀሳት አዳራሹ አልነበረም። አዳራሹማ ይቅር፤ ከእንግዲህ ከሰዓት በኋላ ጎኗ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ብርሃኑ አንሷታል» የሚላት ሰው አልነበራትም። ከልብስ ሰፊው እንደሰማችው ደግሞ አጎቷ የተበላሸ ፎቶ አራት ቦታ እየቆረጠ መጣል ጀምሯል።

ኮሚቴው መጣላታቸውን ሲሰማ እጅግ ተደሰተ። ጠብ የለም እያሉ ሲያጉረመርሙ የነበሩ ወገኖች አፋቸውን ያዙ። ኃላፊውም፣ «አላልኩም ነበር?» ብለው ጸሐፊዋን ተመለከቷት። ይሁንና ሪፖርቱ ተልኳል፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱም በውጤቱ ኮርቶ አንድ የክብር እንግዳ ኤግዚቢሽኑን እንደሚከፍቱ በደብዳቤ አስታውቋል። ስለዚህ ሰዎቹ ታረቁም አልታረቁ የእርቀ ሰላም ማጠቃለያ መርሐ ግብር ተዘጋጀ፤ መድረክም ላይ በጭብጨባ ብዛት እንዲፈርሙ ታቀደ።

ለመርሐ ግብሩ ትልቅ የጨርቅ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ያለችው የጽሑፍ ሠዓሊ አንድ ናት። የመታሰቢያ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ያለውም ፎቶ አንሺ አንድ ነው። ሁለቱም ለሥራ ተጠርተው ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ ተገጣጠሙ። ጸሐፊዋ መሃል ሆና መልእክት ታመላልስ ነበር።

«ለፎቶ አንሺው ይንገሩልኝ፤ የካሜራው እግር ጨርቄን ረግጧል።»

«ለሠዓሊዋ ይንገሩልኝ፤ ጨርቁ ነው የመጣበት።»

ክቡር ኃላፊው ንግግር አደረጉ። «እርቅ የልማት ካሜራ ነው» አሉ፤ ጭብጨባ ሆነ። «ካሜራም የእርቅ ልማት ነው» አሉ፤ ጭብጨባው ትንሽ ዘገየ። «በኮሚቴያችን ውስጥ ያለው መከባበር ለመላው ኅብረተሰብ አርአያ ነው» ሲሉ ግን ዳኛው ራሳቸው ቆመው አጨበጨቡ። ከዚያም፣ ከፊርማው በፊት ለታሪክ የሚቀመጥ የኮሚቴው ፎቶ ይነሳ ተባለ።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አስተካከለ። ሠዓሊዋ ከጀርባቸው የጨርቁን አንድ ጫፍ ይዛ ቆማለች።

«ሰብሳቢ መሃል ነው የሚቆመው» አሉ ዳኛው፣ መሃል ገብተው።

«ቤቱ የማን ሆነና?» አሉ ኃላፊው፣ እሳቸውም መሃል ገብተው።

«ይቅርታ» አለ የውሃ ክፍል ተወካዩ፤ «ኩርፊያቸውን ያወቀው ማነው? እኔ ባልኖር እስካሁን ሙሽራዋ ለምን እንደጨፈነች ታውቁ ነበር?»

«አንተ ወደ ቧንቧህ!» አሉ ዳኛው።

«ቧንቧ? በጡረታ ወጥቶ ሥራ የሚፈልገው ማነው?»

«እንዳትነቃነቁ!» አለ ፎቶ አንሺው። ሠላሳ ዓመት የለመደው ቃል ነው፤ ምን ማለቱ እንደነበር እሱም አላወቀው። ዳኛው የኃላፊውን ክራባት ጨብጠዋል። የኃላፊው ክርን የዳኛውን መነጽር ግንባራቸው ላይ ሰቅሎታል። የውሃ ክፍል ተወካዩ የወደቀ ባርኔጣውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሏል። እጅ ለማውጣት የተመረጡት ሁለት አባላት ማንን እንደሚደግፉ ስላላወቁ ሁለት ሁለት እጃቸውን አውጥተዋል። መብራቱ ቦግ አለ።

ከጨርቁ በስተጀርባ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ሠዓሊዋ ናት። ሳቋን ለመያዝ ጨርቁን አፏ ውስጥ ብትጠቀጥቅም አልሆነላትም። ከካሜራው ኋላም የአንድ ሰው ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አየሽልኝ?» አላት እንባውን እየጠረገ።

«አየሁ፣ ጋሼ!»

«ሁሉም ጨፍነዋል እኮ!»

«አንተ ደግሞ እንዳትነቃነቁ ትላለህ!»

ይህን ያህል ሲባባሉ «እርስዎ» የት እንደገባ አላስተዋሉትም። ጸሐፊዋ አስተዋለች፤ ወረቀቷን ሰበሰበችና መልእክት ማመላለሱን በራሷ ሥልጣን አቆመች። የፊርማውን ነገር ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ ዳኛው በአንድ በር፣ የውሃ ክፍል ተወካዩ በሌላ በር ወጥተው፣ ኃላፊው ክራባታቸውን ለማስተካከል ቢሯቸው ገብተው ቆልፈው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ ሰላም አይባባሉም። ዳኛው በገዛ ፈቃዳቸው ከሰብሳቢነት ለቀቁ። የኃላፊው ቢሮ ያለበት ፎቅ ውሃ መቋረጡም ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም ተብሏል።

ፎቶው ከማጠቢያው መድኃኒት ወጥቶ ገመድ ላይ ሲሰቀል አጎትና የእህት ልጅ ጎን ለጎን ቆመው አዩት። የአንዱ ጭንቅላት ተቆርጧል፣ የሌላው ፊት ደብዝዟል፣ የተገለጠ ዓይን የለም። ሠላሳ ዓመት በሙያው ለቆየ ሰው ውሳኔው አያጠራጥርም።

«አይሆንም» አለና ካርቶን ውስጥ ጣለው። አራት ቦታ ግን አልቆረጠውም። «ውሰጃት» አላት። «ብርሃኗ ጥሩ ነው።»

ለመክፈቻው ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር፤ እንግዳው መምጣታቸው ስለማይቀር ኃላፊው ፈቃዱን ያለ ቅድመ ሁኔታ በአንድ ትንፋሽ ፈርመውላት ነበር። ሠዓሊዋ በሁለቱ ቀን ፎቶውን ጨረሰችው። ዳኛው የጨበጡትን ክራባት የውሃ ጎማ አደረገችው፤ ጎማው በሰዎቹ እግር መካከል ተጠማዞ ሄዶ፣ የውሃ ክፍል ተወካዩ ጭንቅላት በጎደለበት ቦታ የተተከለ ትልቅ የአበባ ተክል ያጠጣል። የወጡት አራት እጆች ልብስ ማስጫ ገመድ ወጥረው ይዘዋል፤ ገመዱ ላይ አጀንዳዎች ተሰጥተዋል። የጨፈኑትን ዓይኖች ብቻ አልነካቻቸውም፤ እንዳሉ ያማሩ መሰላት።

በመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሰዎች በሻይ ማንቆርቆሪያው ሳቁ፣ ራሳቸውን ያገኙም ዘመድ እየጠሩ አሳዩ። አባወራው አራቱን እጆቹን እያየ፣ «ይሄኛውስ የእውነቴ ነው» አለ፣ ሚስቱን የሚኮረኩረውን እያሳየ። አጎቷ አዲስ ኮት ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ሲጨብጠው «የእሷ ነው፤ የእኔ ማበላሸት ብቻ ነው» ይላል፤ እሷ ደግሞ ከሩቅ «ውሸቱን ነው!» ትላለች። ደስታዋ ከፊቷ ላይ ይፈስ ነበር።

የክብር እንግዳው ከሁሉ ይበልጥ የቆሙት አርባ ሁለተኛው ሥራ ፊት ነው። ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ቆዩና፣ «መሃል ያሉት እርስዎ አይደሉም?» ብለው ወደ ክቡር ኃላፊው ዞሩ።

«ቦታው… ቤቱ የእኛ ስለሆነ ነው» አሉ ኃላፊው።

«ርእሱ ምን ይላል?»

ኃላፊው መነጽራቸውን አደረጉና ከሥዕሉ ሥር ወደተለጠፈችው ትንሽ ካርድ ጎንበስ አሉ። አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋለች፤ «የተጣሉ»። አንዴ አነበቧት። ደግመው አነበቧት። ራሳቸውን በሥዕሉ ላይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በክራባታቸው ተይዘው አዩት። ከዚያም በሹመት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከበታች ሰው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ይቺ ቃል ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?»

ሠዓሊዋ አጎቷን አየችው። አጎቷ ኮቱን አስተካክሎ ቀረብ አለ።

«እንደ ደስታዎ፣ ጌታዬ» አለ። «እዚህኛው ላይ በሁለቱም ልክ ነው።»